የፍየል ወተት ፍለጋ ወደ ሸዋ ሮቢት

ሰው ለልዩ ልዩ ጉዳይ ይጓዛል። አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ለጠበል፣ አንዱ ለሙግት፣ ሌላውም ዘመድ ለመጠየቅ ከቤቱ ይወጣል። እኛ ግን በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ወደ ቆላ የወረድነው የፍየል ወተት ፍለጋ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ወተቱን የፈለግነው ልንጠጣው ሳይሆን ሳሙና ልንሠራበት እንደ ነበረ ስንጨምርበት ደግሞ ፈገግታው ወደ ሳቅ ሳይለወጥ አይቀርም። ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ ያየነውና የሰማነው ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ የራሳችንንም ጥፋት ሳንሸሽግ እንደሚከተለው እንጽፈዋለን።

ነገሩ የተጀመረው በቤታችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑም ደረቅ ነፋስ ነው። በዚህ ወራት የታናሿ ልጃችን እጆች ይደርቁና ይሰነጣጠቁ፣ አንዳንድ ጊዜም ይደሙ ነበር። ቅቤም ቫዝሊንም ተቀባች፤ ጥቂት ይሻላትና ልብስ ባጠበች ማግስት እንደ ገና ይብስባታል። በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመዳችን ከፍየል ወተት የተሠራ አንድ ሳሙና በወረቀት ጠቅልላ አመጣችላት። ዋጋውን በሰማን ጊዜ ደነገጥን፤ በዚያ ገንዘብ ቤታችን ለብዙ ሳምንት የሚበቃውን ሳሙና መግዛት ይቻል ነበርና። ልጂቱ ግን ወደደችው፤ ባለቀም ጊዜ ሌላ ጠየቀች።

ባለቤታችን በአንድ የእጅ ሥራ ትምህርት ላይ ከከብት ሞራ ሳሙና መሥራትን ተምራ፣ ለቤታችንና ለጎረቤት የሚሆን ሳሙና አልፎ አልፎ ትሠራ ነበር። ስለዚህ ሳሙናውን መሥራት እንደማያቅታት፣ ወተቱን ማግኘት ግን የእኛ ፈንታ እንደ ሆነ ነገረችን። ነገሩ ቀላል መስሎን ተቀበልን።

በከተማችን የላም ወተት ሞልቶአል። ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ በግ እንደ አሸዋ ነው። የፍየል ወተት ብለን በጠየቅን ጊዜ ግን ያልሳቀብን ሰው አልነበረም። አንድ የከብት ነጋዴ ፍየል ለዓመት በዓል ሥጋ እንጂ ለወተት የሚያስባት ሰው በዚህ አገር አለማየቱን ነገረን። አንድ አረጋዊ ደግሞ በልጅነታቸው ሳል የጠናበት ሕፃን የፍየል ወተት ይፈለግለት እንደ ነበረ አስታውሰው፣ እርሱም ቢሆን ከቆላ ይመጣ እንደ ነበር አጫወቱን። እውነት ነው፤ በጉ የደጋ፣ ፍየሏ የቆላ ናት። በግ ሣር ይፈልጋል፤ ፍየል ግን በድርቅ ጊዜ ከእሾህ መካከል ቅጠል ለቅማ፣ በኋላ እግሯ ቆማ የዛፍ ጫፍ ቀንጥሳ ታድራለች። ስለዚህ ወተቷን የሚፈልግ ሰው ወደ አገሯ መውረድ አለበት። እኛም ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀን በተዘጋ ጊዜ፣ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይዘን ወደ ሸዋ ሮቢት ተሳፈርን። በዚያ ቀድሞ ተማሪያችን የነበረና አሁን የግብርና ሠራተኛ የሆነ አንድ ወጣት ይጠብቀን ነበር።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ሰው ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም ይሻገራል። በመጀመሪያ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የባሕር ዛፍና የበግ መንጋ ያለበት ሰፊ ሜዳ ነው። ቀጥሎ መንገዱ ወደ ጣርማበር ይወጣል። በዚያ ከፍታው ከሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ጉምም ብዙ ጊዜ አይለየውም። መኪናችን በጠላት ወረራ ዘመን ተራራው ተቦርቡሮ በተሠራው ዋሻ ውስጥ መብራት አብርቶ አለፈ። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና የምሥራቁ ገደል ከእግራችን በታች ታየ። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጩ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ጥምዝምዝ ተሳፋሪው አንድ አንድ ልብስ ያወልቃል።

ደብረ ሲና ላይ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ቆመና ቆሎ ሻጮች በመስኮት ከበቡን። እኛም ቆሎ እየቆረጠምን ዞር ዞር ስንል፣ ከአንድ ምንጭ አጠገብ አንዲት ሴት ነጠላ በእንዶድ ስታጥብ አየን። የእንዶዱን ፍሬ አድቅቃ በውሃ በጥብጣዋለች፤ አረፋውም እንደ ወተት ነጭ ነበር። ይህን ባየን ጊዜ የቆሎ ተማሪ የነበርንበት ዘመን ትዝ አለን። በዚያን ጊዜ ዓርብ ዓርብ ወንዝ ወርደን ልብሳችንን የምናጥበው በዚሁ በእንዶድ ነበር፤ ሳሙና የምናየው የጎበኘን ዘመድ ሲያመጣልን ብቻ ነበር። ይህን የአባቶችና የእናቶች ሳሙና ዓለም ያወቀው በአገራችን ሊቅ በዶክተር አክሊሉ ለማ ምክንያት ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ነገሩን በብዙ መረመሩት። ለዚህም ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አንዲት ሴት ልብስ ከምታጥብበት ምንጭ አጠገብ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት ቤት አለ።

ሸዋ ሮቢት በደረስን ጊዜ ቀትር ነበር። ከተማዋ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ባለ ከፍታ ላይ ናትና፣ ጠዋት በደብረ ብርሃን ያንቀጠቀጠን ሰውነታችን አሁን በላብ ተዘፈቀ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የማሾና የሽንኩርት ማሳ፣ የማንጎ ዛፍና ግራር ይታያል። ተማሪያችን ተቀብሎን ውሃ ካጠጣን በኋላ ከከተማው ወጣ ወዳለች አንዲት መንደር በእግር ወሰደን። በየቁጥቋጦው ፍየሎች ተሰማርተዋል። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚለው ተረት እንዴት በእውነት ላይ እንደ ተመሠረተ በዐይናችን አየን።

የመጀመሪያይቱ ባለ ቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። ሁለት የሚታለቡ ፍየሎች አሏቸው። ከእርሳቸውም ጋር ሦስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው ትኖራለች፤ እናቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፎአታል። ሰላምታ ተለዋውጠን ከተቀመጥን በኋላ ጉዳያችንን ገለጥን። በየሳምንቱ አምስት ሊትር እንደምንፈልግ፣ ለዚህም በከተማው ከሚሸጠው የላም ወተት ዋጋ እጥፍ እንደምንከፍል በኩራት ተናገርን። እኒያ እናት ጀሪካኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ለየትኛው ሕመም ነው፣ መምህር?» ሲሉ ጠየቁን።

«ለሕመም አይደለም፣ እማማ፤ ሳሙና ልንሠራበት ነው» አልናቸው።

ምንም አልመለሱም። ተነሥተው ማለቢያቸውን አነሡና አንዲቱን ፍየል አቅርበው ማለብ ጀመሩ። ያለቡትም ከአንዱ ጡት ብቻ ነበር። ወተቱ አንድ ኩባያ እንኳ በቅጡ አልሞላም። አፍልተው፣ አብርደው ለልጂቱ ሰጧት። ከዚያ በኋላ ግልገሉን ከጉሮኖው ለቀቁት፤ እርሱም እየዘለለ መጥቶ ባልታለበው ጡት ላይ ተንበረከከ። በዚህ ጊዜ ወደ እኛ ዞረው እንዲህ አሉ፦

«ይህ ጡት የልጂቱ ነው፤ ያኛው የግልገሉ ነው። የሳሙናው የትኛው ጡት ነው?»

እኛ በቅኔ ቤትም በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ተቀምጠን ብዙ ጥያቄ ተጠይቀናል፤ የዚህን ጥያቄ ያህል ግን አፋችንን የያዘው አልነበረም። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀልን እንደምትከለክል ስንማር፣ ይህ ሕግ ከእኛ ጋር ምን ጉዳይ አለው ብለን እናስብ ነበር። ያን ዕለት ግን ለልጅ የተሰጠውን ነገር ለሌላ ጉዳይ ማዋል ምን እንደ ሆነ በአንዲት ደሳሳ ቤት ደጃፍ ተረዳነው።

ቢሆንም፣ አንባቢ ሆይ፣ መረዳትና መታረም ሁልጊዜ በአንድ ቀን አይመጡም። ባዶ ጀሪካን ይዞ መመለስ አሳፍሮን ወደ ሌላ ቤት ሄድን። በዚያ አንድ ጎልማሳ የዋጋችንን ነገር ሲሰማ ወዲያው እሺ አለ። በማግስቱ ጠዋት ስድስት ፍየሎቹን ሁለቱንም ጡት አልቦ ወደ ሁለት ሊትር ሞላልን። ግልገሎቹ በጉሮኖው ውስጥ ይጮኹ ነበር። እኛም ጩኸቱን እየሰማን ገንዘቡን ቆጥረን ሰጠን።

ያ ወተት ምን እንደ ሆነ እንናገር። በቆላው ሙቀት ሳይፈላ በመኪና ውስጥ ብዙ ሰዓት ቆይቶ፣ ከቤታችን ሲደርስ ግማሹ ረግቶ ነበር። የቀረውን ባለቤታችን እንደ ለመደችው እንደ ውሃው ቈጥራ፣ ለብ እንዳለ ኮስቲክ ሶዳውን ጨመረችበት። ወተቱ ወዲያው ጋለ፤ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም እንደ ቡና አተላ ጠቈረ፤ ዐይን የሚያስለቅስ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደጅ አውጥተን ጣልነው። ነገራችን ሁሉ «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ተማሪያችን ስልክ ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የከፈሉት ዋጋ በመንደሩ ተሰምቶአል። ሦስት ቤቶች ለሕፃናት ይሰጥ የነበረውን ወተት እያጠራቀሙ የእርስዎን መምጣት ይጠብቃሉ» አለን። ይህን ስንሰማ የልባችን ኩራት ፈጽሞ ወደቀ። ደግ ዋጋ መክፈል ደግነት ነው ብለን ነበር፤ ለካስ ዋጋ ከልክ ሲያልፍ ወተቱን ከሕፃን ኩባያ ይስበዋል! ወዲያውኑም ወተት እንደማንፈልግ፣ የተጠራቀመውንም ለልጆቹ እንዲሰጡ ለሦስቱም ቤቶች እንዲነግርልን ለመንነው።

በዚያች ሌሊት ከባለቤታችን ጋር ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን፤ ከጉዞው በፊት ልናደርገው የሚገባንን ሒሳብ ያን ጊዜ ሠራነው። አንድ ኪሎ ግራም የተጣራ የከብት ሞራ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 133 ግራም ኮስቲክ ሶዳና ወደ 330 ግራም ወተት ይበቃዋል። ከዚህም እያንዳንዱ መቶ ግራም ያህል የሚመዝን ወደ 13 ሳሙና ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሊትር ወተት ወደ 40 ለሚጠጋ ሳሙና ይተርፋል፤ ቤታችንም በዓመት ከዚህ ብዙ አይጨምርም። በየሳምንቱ አምስት ሊትር የጠየቅነው፣ ለዓመት አንድ ሊትር የሚበቃን ሰዎች ነበርን! ሒሳብ የምናስተምር መምህር መሆናችን እፍረታችንን እጥፍ አደረገው።

ስለ ወተቱም ጠባይ በመጻሕፍት መረመርን። ሳሙና ማለት ቅባትና እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ኃይለኛ አልካሊ ተዋሕደው የሚፈጥሩት ነገር ነው፤ ግሊሰሪን የተባለው ለስላሳ ፈሳሽም በዚያው ይወጣል፤ በቤት በሚሠራው ሳሙና ውስጥም ሳይለይ ይቀራል። ይህን ምሥጢር የገለጠው ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆን፣ ስለ ቅባት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1823 ዓ.ም. ታተመ። በፍየል ወተት ቅባት ውስጥ በርከት ብለው የሚገኙት ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የተባሉት ሦስት አሲዶች ስማቸውን ያገኙት ፍየል ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። ወተቱ የጠቈረብንም በውስጡ ያለው ስኳር በሙቀት ስለ ተቃጠለ ነበር። ስለዚህ ለሳሙና የሚሆን ወተት በረዶ እስኪሆን መቀዝቀዝ አለበት።

ወተቱ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። መልሱን የላኩልን እኒያ እናት ናቸው። በተማሪያችን በኩል «ዐቢይ ጾም ይግባና በእኩሌታው ይምጡ» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግልገሎቹ የተወለዱት በታኅሣሥ ስለ ነበር እስከ መጋቢት ቅጠል መቀንጠስ ይለምዳሉ። የበልጉ ዝናብም ከወረደ ቁጥቋጦው ይለመልምና የፍየሏ ወተት ሳይነጥፍ ይቆያል። በ55ቱ ቀን ጾም ደግሞ አዋቂው ወተት አይቀምስም። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ከጠጡ በኋላ የሚተርፈው ይረጋና ለፋሲካ ቅቤ ይሆናል። ለሳሙና የሚሆነው ወተት እንግዲህ ከዚህ ትርፍ ላይ የሚነሣ ነው።

ባለቤታችን በጾም ወራት በወተት ሳሙና መሥራት እንዴት ይሆናል ብላ ተጠራጠረች። የነፍስ አባታችንን በጠየቅናቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ሳሙናውን ካልበላችሁት ጾማችሁ አይፈርስም» አሉን።

ከደብረ ዘይት በኋላ በነበረው ቅዳሜ እንደ ገና ወረድን። በዚህ ጊዜ የያዝነው ጀሪካን ሳይሆን አንድ ሊትር የሚይዝ ፔርሙዝ ነበር። እኒያ እናት ባዩን ጊዜ ሣቁ። «አሁን ዕቃዎ ልክ ሆነ» አሉን። የሦስት ቀን ትርፍ ወተት አፍልተው፣ ማልደው እየበራረደ ካለው ጋር ደባልቀው ሰጡን። ዋጋውንም እንደ አገሩ ደንብ ከፈልን፤ በዚያ ላይ ለልጂቱ ደብተርና እርሳስ ጨመርን። ግልገሉ አድጎ ከእናቱ ጎን የግራር ቅጠል ይቀነጥስ ነበር። በመንገድ ላይ ተማሪያችን አንድ ነገር አጫወተን፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለ ድርጅት በሐረርጌና በደቡብ ለድኻ ሴቶች የወተት ፍየል የሚያድል ሥራ እንደ ነበረው ነው። ላም መግዛት ለማይችል ቤት ፍየል የድኻ ላም ናትና፣ ወተቷ ከሁሉ አስቀድሞ ለልጆች እንዲሆን ታስቦ ነበር። እኒያ እናት ያን ጥበብ ያለ ድርጅት ያውቁት ኖሮአል።

አሠራሩን ለቤት እመቤቶች በአጭሩ እንግለጽ። ወተቱ ይፈላል፤ ሲበርድ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እስኪሆን ይቀመጣል። ኮስቲክ ሶዳው በሚዛን ተመዝኖ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ገበታ ውስጥ በተቀመጠው በረዶ ወተት ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል። ሶዳው በወተቱ ላይ ይጨመራል እንጂ ወተቱ በሶዳው ላይ አይፈስም። ቀልጦ የተጣራው ሞራ ለብ ሲል ይጨመርና፣ ከማማሰያው የሚንጠባጠበው በላዩ ምልክት እስኪተው ድረስ ይማሰላል። ከዚያም ወረቀት በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ይገለበጣል። የወተት ሳሙና በራሱ ይሞቃልና በብርድ ልብስ አይሸፈን። በማግስቱ ወይም በሠለስቱ ይቆረጣል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንትም ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይደርቃል። ሞራው በሌላ ዘይት ቢለወጥ የሶዳው ልክ ይለወጣልና በግምት አይሠራ።

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳን የሚበላ፣ ዐይንን የሚያሳውር ነገር መሆኑን ከቶ አትዘንጉ። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ፣ ልጆችንም ከወጥ ቤት ሳያስወጡ አይነካም። የአሉሚኒየም ድስት ይበላልና ብረቱ የማይዝግ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ይያዝ። በሰውነት ላይ ቢረጭ ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ረጅም ጊዜ ማጠብ፣ ዐይን ከነካም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለመጠጥ የተፈለገ የፍየል ወተትም ቢሆን ሳይፈላ አይጠጣ፤ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርበት ይችላልና።

ሳሙናችን ለትንሣኤ አልደረሰም፤ ለርክበ ካህናት ግን ደረቀ። መልኩ እንደ ቅቤ ነጣ ያለ፣ አረፋው ጥቂትና ለስላሳ ነበር። የልጃችን እጅስ? አዎን፣ ለሰለሰ። እውነቱን ለመናገር ግን ብርዱም አልፎ ነበር፤ ባለቤታችንም ልብስ ማጠቡን ከልጂቱ ወስዳ ነበር። የትኛው እንደ ፈወሳት ለይተን አንናገርም። ሳሙና ያጥባል እንጂ መድኃኒት ነው ብለን አንሰብክም፤ ቆዳው የሚቆስል ልጅ ያለው ሰው ወደ ሐኪም ይውሰደው።

በግንቦት ወር አራት ሳሙና ይዘን ወደ እኒያ እናት ሄድን። አንዱን አንሥተው አሸተቱትና «የፍየሌ ሽታ እንኳ የለበትም» አሉ። ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ፊቷን በእርሱ አጠቧት፤ ልጂቱም አረፋውን በእጇ ይዛ እየሣቀች ሮጠች። ወተቱ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ከአንባቢዎቻችን መካከል ከአገር ቤት የተገኘ የፍየል ወተት ለሳሙና የሚፈልግ ቢኖር፣ ምክራችን አጭር ናት። ከቤትህ ሳትወጣ የሚበቃህን መዝን። ግልገሉ ጡት የሚጥልበትን ወራት ጠይቅ። ዋጋውን የመንደሩን ልማድ በማያፈርስ ልክ ክፈል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚያ ቤት ወተቱን የሚጠጣው ማን እንደ ሆነ እይ፤ ባለቤቲቱም የሳሙናው የትኛው ጡት እንደ ሆነ ብትጠይቅህ የምትመልሰውን አስቀድመህ አስብ።